የዓመቱ ዕቅድና የቡናው ወራት

ማናቸውም ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ጊዜው መቈጠር እንዳለበት ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ገበሬ ዝናሙን ቈጥሮ ያርሳል፤ ነጋዴ የገበያውን ቀን ቈጥሮ ይጭናል፤ በቤተ ክርስቲያንም ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ቈጥረው የሚመጣው ዓመት ሳይገባ አጽዋማቱና በዓላቱ የሚውሉበትን ቀን ለሕዝብ ያስታውቃሉ። ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የዓመት ዕቅድ ሲያወጣ፣ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሥራው የሚሠራለት ሕዝብ ዓመቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ይህ ነገር አሁን መነሣቱ የ2019 የበጀት ዓመት ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ከሌላው ዓመት ሁሉ የከበደ ስለ ሆነ ነው።

መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠውን አገልግሎት በዲጂታል መንገድ ለማሻሻል ያደረገው ድካም የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የሚከተለው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2030» ይፋ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው በ1284 ቍጥር አዋጅ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ 12 መሥሪያ ቤቶች 41 አገልግሎቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዘው ቀረቡ። ቀድሞ ባለጉዳይ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዞርበትን ጉዳይ በአንድ ቦታ መፈጸም መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ የጀመሩትም ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን መሶብ ስሙ መልካም የሚሆነው ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲከበው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጅማ፣ ከእርሷም አልፎ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ፣ በመና፣ በሰቃና በሸቤ የሚኖረው የቡና ገበሬ ከዚህ መሶብ የሚያነሣው ምንድን ነው? የሚመጣው ዓመት ዕቅድ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ያከበደው ከውጭ አገር የመጣ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. 2023/1115 የተባለውን ደንብ አውጥቶ፣ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ደንቡ ቡናን ብቻ ሳይሆን ካካዎን፣ ጐማን፣ የዘንባባ ዘይትን፣ አኩሪ አተርን፣ የቀንድ ከብትንና እንጨትንም ይመለከታል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የተመረተ እንደ ሆነ ቡናው አይገባም። ገዢውም ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደ ተለቀመ የቦታውን ልክ በቍጥር ማሳየት ግዴታው ነው። ደንቡ በመጀመሪያ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሊጸና ታስቦ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ተራዘመ። እስካሁን በተወሰነው መሠረት በትልልቆቹና በመካከለኞቹ የአውሮፓ ገዢዎች ላይ የሚጸናው ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በትንንሾቹ ላይ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ቀኖች የሚውሉት በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ነው።

በ2017 የበጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከ468 ሺህ ቶን በላይ ቡና ወደ ውጭ ልካ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዋነኞቹ ገዢዎችም አንዷ ጀርመን ናት። እንግዲህ ነገሩ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የጅማ ገበሬ ቡናውን የሚያበቅለው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው፤ አያቱ የተከለውን ዛፍ ጠብቆ ያቈየ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ዛፍ ሳይቈርጥ፣ ዛፍ አለመቍረጡን የሚያስረዳ ቍጥር ስለ ሌለው ብቻ ገበያው ቢዘጋበት ወይም ዋጋው ቢወርድበት፣ ጥፋቱ የገበሬው ነው ሊባል አይችልም።

ቡናው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ያስቸገረበት ምክንያትም አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. የቡና ግብይት ሲጀምር፣ ዋናው አሳብ የዋጋው ነገር በግልጽ እንዲታይና ሻጩ ገንዘቡን በጊዜ እንዲያገኝ ነበር፤ በዚህም ብዙ ጥቅም ተገኝቷል። ነገር ግን ቡናው ወደ መጋዘን ሲገባ በአካባቢውና በደረጃው ተለይቶ ይቀላቀል ስለ ነበር፣ የታጠበው «ሊሙ»፣ ያልታጠበው «ጅማ» ተብሎ ሲሸጥ የገበሬው ስም ከመንገድ ላይ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የ1051 ቍጥር የቡና ግብይትና ጥራት ቍጥጥር አዋጅና ከእርሱ በኋላ የተከተሉት ማሻሻያዎች ለቀጥታ ሽያጭ መንገድ ከፈቱ። መንገዱ ቢከፈትም ጆንያውን ከማሳው ጋር የሚያያይዘው መዝገብ ግን ገና ተሟልቶ አልተሠራም።

የሚፈለገው ነገር ሲመረመር ደግሞ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ እንዲለካ ያዛል፤ ከዚያ በታች ለሆነው ግን አንድ ነጥብ ብቻ ይበቃል። አብዛኛው የጅማ ገበሬ ማሳው ከዚህ ልክ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ አንድ የግብርና ሠራተኛ ማሳው መካከል ቆሞ በእጅ ስልኩ የሚወስደው አንድ ቍጥር ለዚያ ማሳ በቂ ነው ማለት ነው። ችግሩ ነጥቡን መውሰድ አይደለም፤ ነጥቡ የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

አንድ ገበሬ ዛሬ ቢያንስ በሦስት መዝገብ ይገኛል። በመሬት ጽሕፈት ቤት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባልነት መዝገብ አለው፤ በፋይዳ ደግሞ 12 አኃዝ ያለው ቍጥር አለው፤ ወይም ገና ሊኖረው ነው። በአንዱ መዝገብ «መሐመድ» የተባለው ሰው በሌላው «ሙሐመድ» ይባላል፤ በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በመንደሩም የሚታወቀው «አባ» በሚል መጠሪያ ስሙ ሊሆን ይችላል። አባቱ ሞቶ ማሳው በውርስ ተከፍሎ ሳለ ደብተሩ በሟቹ ስም የቀረበት ብዙ ነው። የባልና የሚስት ስም በአንድነት በተጻፈበት ደብተር ላይ ያለችው ሚስት በማኅበሩ መዝገብ ላይ ላትገኝ ትችላለች። ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት መንደር ይህን ሁሉ ያለ ጭንቀት ይፈታዋል፤ ኮምፒዩተር ግን አንዱን ሰው ሦስት ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። ፋይዳ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠውም በዚህ ነው፤ የስሙ አጻጻፍ ቢለያይ ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሦስቱን መዝገብ ያስተባብራልና።

አሁን ወደ ጊዜው ቈጠራ መመለስ ያስፈልጋል። የበጀት ዓመት የሚገባው በሐምሌ 1 ቀን ነው። ሐምሌ በጅማ የዝናም ብርታት ነው፤ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው፤ ወደ ማሳ መውጣት ይከብዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና የሚለቀምበት ወራት ነው፤ እሸቱ በዛፉ ላይ ቢያድር ይወድቃል፣ በጆንያ ቢከርም ይበላሻልና ገበሬው አንዲት ቀን የሚያባክንበት ጊዜ የለውም። ከጥር ጀምሮ መንገዱ ይደርቃል፤ ሰውም እጁ ይፈታል። ነገር ግን በ2019 ዓ.ም. የረመዳን ጾም የካቲትን በአብዛኛው ይይዛል፤ እርሱም ሲፈጸም ዐቢይ ጾም ይገባል። እንግዲህ ዕቅድ የሚያወጣው ሰው ዓመቱን በአራት እኩል ሩብ ከፍሎ በየሩቡ እኩል ቍጥር ቢጽፍ፣ ወረቀቱ ያምራል እንጂ ሥራው ሊሠራ አይችልም።

ሥራው ከቡናው ወራት ጋር ይስማማ ዘንድ እንዲህ መደልደል ይቻላል። በክረምቱ ወራት ማንንም ገበሬ ከቤቱ ሳያስነሡ በቢሮ ውስጥ የሚሠራውን መሥራት፤ ይኸውም የመሬት ጽሕፈት ቤቶች በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ የለኩትን ካርታ፣ ዩኒየኖቹና ላኪዎቹም ለየራሳቸው የወሰዱትን ነጥብ ሰብስቦ ከፋይዳ ቍጥር ጋር ማያያዝ ነው። አንድ ጊዜ የተለካውን መሬት ሁለተኛ መለካት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነውና። ይህ ሲፈጸም የቀረው ማን እንደ ሆነ በስም ይታወቃል። በመኸሩ ወራት ገበሬውን ወደ ወረዳ አለመጥራት፤ እርሱ እሸት ቡናውን ይዞ በሚመጣበት በማጠቢያ ጣቢያውና በማኅበሩ መረከቢያ ላይ መዝጋቢ ማቆም፣ የቀረውንም ሰው እዚያው መመዝገብ ይገባል። ከጥር ወዲያ መንገዱ ሲደርቅ ነጥብ ያልተወሰደላቸውን ማሳዎች ሄዶ ማየት ይከተላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ደግሞ ለአቤቱታ ይሁን፤ ስሙ የተሳሳተበት፣ ማሳው በሌላ ሰው ስም የገባበት፣ በውርስ ክርክር ያለው ሁሉ ቀርቦ የሚታረምበት ወራት ያስፈልጋልና። በጥቅምትና በኅዳር የተለቀመው ቡና ተሰናድቶ ወደ ባሕር ማዶ የሚደርሰው አብዛኛው ከታኅሣሥ በኋላ ስለ ሆነ፣ የክረምቱ ሥራ አንድ ወር ቢዘገይ ጉዳቱ በዚያው ዓመት ምርት ላይ ይታያል።

ሹሙ ሕዝቡ ወዳለበት እንዲሄድ ማሳሰብ ለጅማ እንግዳ ነገር አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን አስተዳደሩ በአባ ቆሮና በአባ ገንዳ በኩል እስከ መንደር ይደርስ ነበር፤ በሂርማታ ታላቅ ገበያም የገበያው ሹም ሸማቹና ሻጩ ባለበት ተገኝቶ ነገር ይሰማ ነበር እንጂ ነጋዴውን ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት አያስኬድም ነበር። ከዚያም በኋላ በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፣ የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በቤተ ሙከራ ብቻ አልነበረም። በገበሬው ማሳና በጫካው እየዞሩ በሽታው ሳይነካቸው የቀሩትን የቡና እናት ዛፎች መርጠው ዘራቸውን አባዙ። ዛሬ በ74 የሚጀምር ቍጥር ያላቸው፣ እንደ 74110 እና 74112 ያሉት ዝርያዎች ከዚያ ድካም የተገኙ ናቸው። ያ ሥራ በጊዜ የደረሰው ባለሙያው ወደ ማሳው ስለ ወረደ ነው።

በሌላ በኩል መማሪያ የሚሆን ሌላ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወረዳኔት በተባለው ሥራ በመቶ የሚቈጠሩ ወረዳዎች በሳተላይት ተያያዙ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከአፍሪካ አገሮች እንዲህ ያለውን የደፈሩ ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ ያገለገለው ከላይ ወደ ታች ስብሰባ ለማካሄድ ነበር፤ ባላገሩ የሚፈልገው ወረቀት በዚያ መንገድ ቶሎ እንዲደርሰው ሆኖ አልተሰናዳም። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ሥራ የሚመዘነው በተገዛው ኮምፒዩተርና በሠለጠነው ሰው ቍጥር አይሁን። መመዘኛው አንድ ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ ገበሬው ለአንድ ጉዳይ ቀድሞ ስንት ጊዜ ይመላለስ ነበር፣ አሁንስ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ከጌራ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ጅማ ለአንድ ማኅተም የሚጓዝ ሰው የሚከፍለው የመኪናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ያልለቀመውንም ቡና ነው።

መሣሪያው ሲሰንፍ የሚደረገውም በዕቅዱ ውስጥ መጻፍ አለበት። በየመሥሪያ ቤቱ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከመለመዱ የተነሣ እንደ በቂ ምክንያት ተቈጥሯል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትዎርክ ሲቋረጥ ባለጉዳይ ባዶ እጁን የሚመለስ ከሆነ፣ የቀድሞው የወረቀት መዝገብ ይሻላል ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ያለ ኔትዎርክ መዝግቦ በኋላ የሚልክ መሣሪያ፣ እርሱም ሲታጣ በተራ ቍጥር የታተመ የወረቀት ቅጽ በየጣቢያው ሊኖር ይገባል። ፋይዳ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። ዕድሜውን ሁሉ በመቈፈርና በመልቀም ያሳለፈ ሽማግሌ የጣቱ አሻራ ተፍቆ መሣሪያው ላያውቀው ይችላል። በህንድ አገር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ አዳሃር የተባለው መታወቂያ ሲሠራበት፣ በጉልበት ሥራ አሻራቸው የጠፋ ድኆች የራሽን እህል የተከለከሉበት ጊዜ እንደ ነበረ በብዙ ተጽፏል። እንዲህ ያለው እንዳይደርስ፣ አሻራው ያልታወቀለት ሰው በሌላ ምልክት ወይም በታመነ የቀበሌ ምስክር የሚስተናገድበት ሥርዓት ከሥራው በፊት ይውጣ።

ሌላው ትልቅ ነገር መዝገቡ የማን ነው የሚለው ነው። ላኪው በገዛ ገንዘቡ የለካውን ማሳ የራሱ ንብረት አድርጎ ከያዘው፣ ገበሬው በሚመጣው ዓመት ለሌላ ገዢ ልሽጥ ቢል የማሳው ማስረጃ በቀድሞው ገዢ እጅ ታስሮ ይቀራል። ይህ ከሆነ ሕግ ለማክበር የተሠራው መዝገብ ገበሬውን ለአንድ ገዢ የሚያስር ሰንሰለት ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የ1321 ቍጥር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰው መረጃ ያለ ሕግ እንዳይያዝና እንዳይተላለፍ ደንግጓል። በዚህ መሠረት የማሳው ቍጥር የገበሬው ሆኖ፣ መንግሥት ጠባቂው፣ ላኪው ደግሞ በገበሬው ፈቃድ ተጠቃሚው ቢሆን ለሁሉም የሚበጅ ነው። ገበሬውም ጣቱን ሲያስነካ የሚፈርመው ስለ ምን እንደ ሆነ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው። በጅማ ምድር ይህ አፋን ኦሮሞ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በከተሞቹ ደግሞ አማርኛና ሌላም ቋንቋ የሚናገር ባለጉዳይ ስላለ እርሱም አይረሳ። መሬቱን የሚመዘግቡት ለግብር ወይም ለመንጠቅ ነው የሚል ወሬ ከተነሣ፣ በዓመት የተደከመበት ሥራ በአንድ ሳምንት ይፈርሳልና ማስረዳቱ ከመመዝገቡ ይቅደም።

ሠራተኛ የለም የሚባልበት ምክንያት ግን አይታይም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በከተማው አለ፤ የእርሻና የሕክምና ተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩት ወጣቶችም ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በየከተማው ተካፋዮች አሉት። እነዚህ ወጣቶች የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ከሚሰቅሉት፣ በመኸር ወራት በየማጠቢያ ጣቢያው ከግብርና ሠራተኛው ጎን ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ስም በትክክል ቢጽፉ ለእነርሱም ሥራ፣ ለአገርም ጥቅም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ተረት እውነት ከሆነ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ የመታወቂያው መሥሪያ ቤትና ዩኒየኖቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ ከሚያበዙ አንዱን መዝገብ አራት ሆነው ቢጠብቁት ይሻላል።

ሁለት ጊዜ የተራዘመ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ይራዘም ይሆናል ብሎ የሚጠብቅም አይጠፋም። ይህ ግን የሰነፍ ተስፋ ነው። ቀኑ ቢራዘምም መዝገቡ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም አይቀርም፤ ቍጥሩና ማሳው የተያያዘለት ሰው ብድር ሲጠይቅ፣ ማዳበሪያ ሲወስድ፣ ውርስ ሲከፍል፣ የቡናውንም ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲቀበል ማንነቱን በየጊዜው በአዲስ ምስክር ማስረዳት አያስፈልገውም። ቀኑ ባይራዘም ደግሞ ያልተዘጋጀው የሚደርስበት ጉዳት የታወቀ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቈስ እንደሚባለው፣ መጥኖ ማሰብ የሚቻለው ድስቱ ሳይጣድ ነው።

እንግዲህ የ2019 ዓመት ዕቅድ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ኀላፊዎቹ ከመፈረማቸው በፊት አንድ ጊዜ የጅማን ቡና ወራት ከጎኑ አስቀምጠው ቢያነቡት ይገባል። በጥቅምት ወር ገበሬውን ወደ ወረዳ የሚጠራ ዐረፍተ ነገር ካገኙበት ይሰርዙት፤ በሐምሌ በቢሮ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ለጥር ተላልፎ እንደ ሆነ ወደ ቦታው ይመልሱት። ይህ ዛሬ በእርሳስ የሚታረም ነገር ነው። በመኸሩ ጊዜ ግን የአጋሮና የሊሙ ገበሬ በላቡ ያገኘው እሸት ቡና በማጠቢያው ደጅ ቆሞ፣ ከየት እንደ መጣ የሚናገርለት አጥቶ እንዳይቀር ያስፈራል።